ከስንቅ እስከ ማር ቆሎ፦ የእናቶቻችን ሙያ ታሪክ



በማኅበራችን ውይይት ላይ ከሚነሡት የገቢ ሐሳቦች አንዱ ቆሎና ፈንድሻን በማር አያይዞ፣ በዳቦ ምድጃ ሳይጋገር፣ ስኳር ሳይገባበት፣ ለልጆች መክሰስ ማዘጋጀት ነው። ይህ ዓይነቱ መክሰስ በከተማ ሱቆች በሚያብረቀርቅ ወረቀት ተጠቅልሎ ስለሚሸጥ አንዳንዶቻችን ከውጭ የመጣ አዲስ ሙያ አድርገን እናየዋለን። ነገር ግን እህልን አምሶ፣ አጣፍጦ፣ ሳይበላሽ ለሩቅ መንገድ እንዲሆን አድርጎ ማሰናዳት የጎጃም ሴት ከጥንት የያዘችው ሙያ ነው። ስሙም ስንቅ ይባላል። ታሪኩን እዚህ የማነሣው የምንሠራውን ነገር ዋጋ ስንተምን የራሳችንን ድካም ከሒሳቡ እንዳናወጣው በማሰብ ነው።

ስንቅ የማን ሥራ ነበር?

በሶን እንውሰድ። ገብሱ ይለቀማል፣ ይታመሳል፣ በሙቀጫ ተወቅጦ ገለባው ይለያል፣ እንደገና ይቆላል፣ ይፈጫል፣ ይነፋል። የሞተር ወፍጮ ወደ ገጠር ከመግባቱ በፊት ይህ ሁሉ በእጅና በድንጋይ ወፍጮ የሚሠራ ነበር። የሚበላው ሰው ግን ውሃና ትንሽ ጨው ብቻ ነው የሚያስፈልገው። እሳት አያነድድም፣ ድስት አይጥድም። የበሶ ጥበብ እዚህ ላይ ነው፤ ድካሙ በሙሉ አስቀድሞ በቤት ያልቃል፣ መንገደኛው የሚሸከመው ያለቀለትን ሥራ ነው።

ሁላችንም ፊደል ስንቆጥር የተማርናትን የበሶ ዓረፍተ ነገር እናስታውሳለን። በሶውን የበላው ልጅ ስሙ ተጽፏል። በሶውን ማን እንዳሰናዳለት ግን የጻፈ የለም። የስንቅ ታሪካችንም እንደዚሁ ነው።

ዐፄ ምኒልክ በመስከረም 1888 ዓ.ም. የክተት አዋጅ ካወጁ በኋላ የካቲት 23 ቀን ዓድዋ ላይ ጦርነቱ እስኪደረግ ድረስ አምስት ወር አልፏል። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትም የጎጃምን ጦር ይዘው ዘምተዋል። ያን ጊዜ ለወታደር ቀለብ የሚያከፋፍል ዛሬ የምናውቀው ዓይነት የመንግሥት መሥሪያ ቤት አልነበረም። ዘማቹ ከቤቱ የያዘው በሶ፣ ቆሎና ድርቆሽ በአህያና በበቅሎ፣ በስልቻና በአቁማዳ ይጫን ነበር። ብዙ ሴቶችም እየፈጩና እየጋገሩ ከሠራዊቱ ጋር ተጉዘዋል። እቴጌ ጣይቱ በታሪክ ስማቸው ሲነሣ ደስ ይለናል። ነገር ግን የአምስት ወር ስንቅ ከስንት ቤት፣ ከስንት ሴት ወፍጮ እንደወጣ ማሰብም የእኛ ድርሻ ነው።

በሰላሙም ጊዜ እንዲሁ ነበር። ማንኩሳን አገር ሁሉ ያወቃት በ1958 ዓ.ም. በታተመው በክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። የልቦለዱ በዛብህ ከቤተ ክህነት ትምህርት ቤት የወጣ ነው። እንደ እሱ ያሉት ተማሪዎች በአገራችን «የቆሎ ተማሪ» ተብለው ይጠራሉ። የጎጃም የቅኔ ትምህርት በመላ አገሪቱ የተከበረ ነው፤ ተማሪው ግን የሚያድረው አኩፋዳውን ይዞ በየደጁ በሚለምነው ቁራሽና ቆሎ ነበር። ስለዚህ ያ ሁሉ ቅኔ ሲነሣ ከደጃፏ ወጥታ እፍኝ ቆሎ የሰጠችው ሴትም መነሣት ይገባታል።

ወደ ራሳችን ሰፈር ስንመጣ፣ በጠላት ወረራ ዘመን ጣሊያን ቡሬና ማንኩሳ ላይ ምሽግ ነበረው። እነ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና እነ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ በጎጃም ዱር አርበኛ ሲመሩ፣ አርበኛው በጭስ እንዳይታወቅ እሳት የማይነድበት ቀን ብዙ ነው። ያን ጊዜ ሆድ የሚይዘው በሶና ቆሎ ነው። በየካቲት 1933 ዓ.ም. የጌዴዎን ጦርና አርበኞች ምሽጎቹን አስጨንቀው የቡሬው የጣሊያን ጦር ወደ ደምበጫ ሸሸ። ንጉሠ ነገሥቱም በመጋቢት መጨረሻ ደብረ ማርቆስ ገቡ።

ማሩስ?

እስካሁን የተናገርኩት ስለ እህሉ ነው። የማሩ ታሪክ ከዚህ ይለያል። ጎጃም የማር አገር ቢሆንም ማር በሴት እጅ እምብዛም አልነበረም። ቀፎ ከረጅም ዛፍ ላይ ይሰቀላል፤ ማር መቁረጥም በሌሊት በጭስ የሚሠራ የወንድ ሥራ ነው። የተቆረጠው ማር በጉንዶ ተሰፍሮ ለባለ ርስተ ጉልቱ ግብር ይሆናል፣ ለጌታ ቤት ጠጅ ይጣላል፣ የተረፈውም ገበያ ይወጣል። ለአራስና ለታመመ ሰው ጥቂት ይቀመጣል። በሶ በማር የሚበጠብጠው የደላው ቤት ነበር። የብዙው ልጅ በሶ በጨው ነው።

ቀጥሎ ስኳር መጣ። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ ስኳር ቀስ በቀስ ወደ ሻይ፣ ከዚያም ወደ ብስኩትና ከረሜላ ገባ። ዛሬ የልጅ ጣፋጭ ሲባል የሚታሰበን የሱቁ ሆኗል። ቆሎው ከቤት፣ ማሩ ከሰፈር እያለ ልጆቻችን የሚበሉት ከሩቅ የመጣ ሆነ።

ነገር ግን አንድ ለውጥ አለ። ዘመናዊውና የሽግግር ቀፎ ዛፍ አያስወጣም፤ በጓሮ ይቀመጣል። ስለዚህ ሴትም ራሷ ንብ ማነብ ትችላለች። ቆሎና ማር በአንዲት ሴት እጅ የመገናኘታቸው ዕድል ሰፊ የሆነው በእኛ ዘመን ነው።

ከሌላው ዓለም አንድ ምሳሌ

እናቶቻችን ለአርበኛ በሶ በሚፈጩበት ዘመን፣ በ1939 እ.ኤ.አ.፣ በአሜሪካ ባትል ክሪክ ከተማ በኬሎግ ኩባንያ የሙከራ ማድ ቤት የሚሠሩ ማሊታ ጄንሰንና ሚልድረድ ዴይ የተባሉ ሁለት ሴቶች የፈነዳ ሩዝን በቅቤና በቀለጠ ጣፋጭ አያይዘው፣ ሳይጋግሩ ቆርጠው የሚሸጥ መክሰስ ሠሩ። የተሠራውም ካምፕ ፋየር ገርልስ ለሚባል የልጃገረዶች ማኅበር ገንዘብ ማሰባሰቢያ ነበር። ዘዴው በኋላ በኩባንያው ካርቶን ላይ ታተመ፤ ዛሬም ድረስ ይሸጣል። ከእኛ ቆሎ የሚለየው በጥበብ አይደለም። እነርሱ ልኩን ጽፈው አስቀመጡ፣ የሠሩት ሴቶች ስምም ተመዘገበ።

እኛም እንጻፈው

ለመነሻ የሚሆን ልክ ይህ ነው፦ በእጅ የተሰባበረ ፈንድሻ ሁለት ብርጭቆ፣ በደንብ የተፈተገ የገብስ ቆሎ አንድ ብርጭቆ፣ የታመሰ ሰሊጥ ግማሽ ብርጭቆ፣ ተቆልቶ የላመ ለውዝ ግማሽ ብርጭቆ፣ የተጣራ ማር ግማሽ ብርጭቆ፣ ጨው አንድ ቁንጥጫ።

ማሩን በዝግታ እሳት ላይ አሙቁት። መፍላት ሲጀምር ሁለት ሦስት ደቂቃ እያማሰላችሁ ቆዩ። ጠብታው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሳይበተን ከረጋ ደርሷል። ከእሳት አውርዳችሁ ለውዙን፣ ከዚያም እህሉን ጨምሩና ቶሎ አዋሕዱ። ቅቤ በተቀባ ትሪ ላይ በደንብ ተጭናችሁ ዘርጉት። ሲቀዘቅዝ በቢላዋ ይቆረጣል። ማር እርጥበት ስለሚስብ በክረምት በተለይ ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ አስቀምጡት። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር አይሰጥም፤ ቆሎና ለውዝ ስለሚያንቅም ለትንንሽ ልጆች አይሆንም።

ዋጋውን ስንተምን የገብሱንና የማሩን ብቻ አንቁጠር። የለቀማውን፣ የማመሱን፣ የፍተጋውን ሰዓት በደብተር እንጻፍ። ደጋፊዎቻችንም ለትሪና ለማሸጊያ ሲረዱን ይህን ሰዓት እንዲያዩት እንፈልጋለን። በማሸጊያው ላይም የማኅበራችንን ስም ብቻ ሳይሆን ያዘጋጀችውን እኅት ስም እናስፍር። የዓድዋን ስንቅ የፈጨችው ሴት ስሟ አልደረሰንም፤ የዛሬዋ ግን ትታወቅ።