አብሾ የጠጣው ተማሪ፦ ከጋይንት ጎጆ እስከ ዩኒቨርሲቲ ዶርም

አንድ ሰው ጥቂት መጠጥ ቀምሶ ጠርሙስ ሲሰብር፣ ወዳጁን ሲደበድብ ስናይ «ይሄ ሰውዬ አብሾ አለበት» እንላለን። ቃሉን የማያውቅ የለም። የመጣው ግን ከመሸታ ቤት አይደለም፤ ከትምህርት ቤት ነው።

አብሾ የተማሪ መድኃኒት ነበር። በአብነት ትምህርት ቤቶች ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው ወግ እንደሚለው፣ ቀለም አልያዝ ያለው፣ ጓደኞቹ ጥለውት የሄዱ ተማሪ አእምሮዬን ይከፍትልኛል ብሎ በምስጢር የሚጠጣው ነገር ነው። ዋናው ቅመም አስተናግር ነው፤ አጤ ፋሪስ የሚሉትም አሉ። በየአጥሩ ሥርና በየጉድፍ መጣያው የሚበቅል፣ ጡሩምባ የመሰለ አበባና እሾሃማ ፍሬ ያለው ተክል ነው። ጠጥቶ የቀናው «ሊቅ ወጣው» ይባልለታል። ያልቀናው «አብሾው ዞረበት» ይባልና በየመንገዱ ብቻውን ሲያወራ ይኖራል።

ዛሬ ሳይንሱ የሚለውን እንወቅ። በአስተናግር ውስጥ አትሮፒንና ስኮፖላሚን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ። ያስቃዣሉ፤ የልብ ምት ያፋጥናሉ፤ መጠናቸው ካለፈ ይገድላሉ። ከሁሉ የሚያሳዝነው ደግሞ ይህ ነው፦ ተመራማሪዎች ስኮፖላሚንን በሙከራ የሚጠቀሙበት የሰውን የማስታወስ ችሎታ ለጊዜው ለማዳከም ነው። ያ ምስኪን ተማሪ እንዳይረሳ ብሎ የጠጣው የሚያስረሳውን ነበር።

ወዳጆቼ፣ ይህን ያነሣሁት ለጨዋታ አይደለም። ስለ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የአእምሮ ጤና በተነሣ ቁጥር «ድሮ እኮ ጭንቀት የሚባል ነገር አልነበረም፤ የዛሬ ልጆች ናቸው የተሞላቀቁት» የሚል መልስ አይጠፋም። አብሾ ለዚህ መልስ ማፍረሻ ነው። የሚያስጨንቀው ባይኖር ኖሮ አንድ ወጣት መርዝ አይጠጣም ነበር። ጭንቀቱ ድሮም ነበር። የተለወጠው ሌላ ነገር ነው፤ እሱን ለማየት ደቡብ ጎንደር ጥሩ ቦታ ነው።

፩. የጎጆው ዘመን

ደቡብ ጎንደር የተማሪ አገር ነው። ድጓ ለማስመስከር ወደ ጋይንቷ ቤተልሔም፣ ዝማሬና መዋሥዕት ለመማር ወደ ዙር አምባ ከየአቅጣጫው ይመጣ ነበር፤ ዛሬም ይመጣል። ልጁ አብዛኛውን ጊዜ ከወላጆቹ ተደብቆ ነው የሚወጣው። ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ ይለምናል። ውሻ ይነክሰዋል፤ ተስቦ ይጥለዋል፤ የጉና ብርድ አጥንቱ ድረስ ይገባል። ሰው አገር ሞቶ የተቀበረው ብዙ ነው። ያንን ዘመን የሚያቆነጅ ሰው ታሪኩን አያውቀውም።

ነገር ግን በዚያ ድህነት ውስጥ አንድ ነገር ነበር። የቅኔ ተማሪ ቀኑን በየጥሻው ቅኔ ሲቆጥር ይውላል፤ የቆጠረውን ግን ለየኔታ ያቀርባል፤ ይታረማል፤ ይገሠጻል፤ ወይም «ይበል!» ይባላል። የዜማው ተማሪ ከቀደመው ተማሪ ሥር ሆኖ ይቀጽላል። ትምህርቱ በቃል ስለሆነ ካልተገናኙ የለም። አንድ ተማሪ ሁለት ቀን ድምፁ ቢጠፋ የሚያስተውል አለ፤ የኔታ «እገሌስ?» ይላሉ። የጎጆ ጓደኛው ቁራሹን ያካፍለዋል፤ ቢታመም ውኃ ያቀርብለታል፤ ቢብስበት ተሸክሞ ጠበል ይወስደዋል።

ተማሪው ቅኔ ይቆጥራል፤ የኔታ ደግሞ ተማሪውን ይቆጥራሉ። መላው ይኸው ነበር። ማንም «የአእምሮ ጤና አገልግሎት» አላለውም፤ የትምህርቱ አሠራር ራሱ ግን ሰው ብቻውን እንዳይጠፋ ያደርግ ነበር።

ሁለት ነገር ሳልጨምር አላልፍም። አንደኛ፣ ይህ መረብ ሁሉን አላዳነም፤ አብሾ ምስክር ነው። ለየኔታ ሊነገር የማይችል ሐፍረት ነበር፤ እሱን የተሸከመው በጨለማ የጠጣው ነው። ሁለተኛ፣ መረቡ ለወንድ ልጅ የተሠራ ነበር። እንደ ጎጃሟ የቅኔ መምህርት እንደ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ያሉት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የዛሬዋ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሴት ከዚያ ወግ የወረሰችው ጥቂት ነው።

፪. የዶርሙ ዘመን

በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በካናዳዊው ኢየሱሳዊ በሉሲየን ማት መሪነት ሲከፈት ተማሪዎቹ ከመቶ አይበልጡም ነበር። መምህሩ የሁሉንም ስም ያውቃል። ዛሬ ከ40 በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሉን። ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲም በ2003 እና 2004 ዓ.ም. ገደማ ከተከፈቱት ሦስተኛ ትውልድ ከሚባሉት አንዱ ነው። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የገበሬ ልጅ በደጁ ዲግሪ አገኘ። ነገር ግን ከአሮጌው ትምህርት ቤት ከቤት ርቆ መሄዱን ወረስን፤ «እገሌስ?» የሚለውን ጥያቄ ግን እዚያው ጎጆው ውስጥ ትተነው መጣን።

የራሴን ልንገራችሁ። የተማርኩበትን ግቢ ስም አልጠራም። ሦስተኛ ዓመት ላይ አንድ የዶርም ልጅ ቀን መተኛት፣ ሌሊት ቁጭ ብሎ ማደር ጀመረ። መጀመሪያ ክላስ ቀረ፤ ቀጥሎ ካፌ ቀረ። እኛ «ጀዝባ ሆነ» ብለን ሳቅንበት። ከወር በላይ እንዲህ ሲሆን አንድም መምህር፣ አንድም ኃላፊ የት ገባ አላለም። ግቢው መጥፋቱን ያወቀው ውጤት ሲለጠፍ ነው። አባቱ ጋቢያቸውን እንደለበሱ ከገጠር መጥተው ዕቃውን ሲሸክፉ ወደ እኛ ዞሩና «ልጆቼ፣ አብራችሁ እያደራችሁ ምነው አንድ ቃል ብትልኩብኝ?» አሉን። መልስ አልነበረንም። ዛሬም የለኝም።

ይህ የአንድ ዶርም ታሪክ አይደለም። በፈረንጆቹ 2013 የታተመ በአዳማ የተደረገ ጥናት ከአምስት ተማሪ አንድ ያህሉ፣ በ2015 የታተመ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የተደረገ ጥናት ደግሞ ከአምስት ሁለት ያህሉ የአእምሮ ጫና ምልክት እንዳለባቸው አሳይቷል። መለኪያው «አዎ» ወይም «አይ» የሚባልባቸው ጥያቄዎች ናቸው፦ እንቅልፍ ይወስድሃል? ምግብ ይበላልሃል? ለመኖር የምትረባ አይመስልህም? ምልክት ማሳየት ታሟል ማለት አይደለም፤ ግን አንድ ሰው ቀርቦ ሊጠይቀው ይገባ ነበር ማለት ነው።

ሐኪሙስ? አማኑኤል ሆስፒታል በጣሊያን ወረራ ዘመን ተቋቁሞ ለአሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሆኖ ቆየ። ከበጌምድር ለመድረስ የቀናት መንገድ ነበር። ሐኪሞችን በአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊስት አድርጎ ማሠልጠን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ ድረስ ስፔሻሊስት ለመሆን የፈለገ ውጭ አገር መሄድ ነበረበት። እንግዲህ ቤተሰቡ ልጁን ይዞ ጠበል ቢሄድ ምን ይፈረድበታል? ሌላ በር ማን ከፈተለት? የሚያስፈርደው ዛሬ ሁለቱን ማጣላት ነው። ጠበሉን የሚጠመቅ ጠበሉን ይጠመቅ፤ ሐኪም የሰጠውን ኪኒን ግን አይጣል።

፫. ጦርነቱ ሲጨመር

ደብረ ታቦር የዐፄ ቴዎድሮስ ከተማ ናት። ጋፋትንና ሴባስቶፖልን ሁላችንም እናነሣለን፤ የማናነሣው የተማሪውን የካሣን ታሪክ ነው። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደጻፉት፣ ካሣ በልጅነቱ በጎንደርና በጣና መካከል በነበረ የተክለ ሃይማኖት ገዳም ሲማር ገዳሙ በጦር ተመታ። ሕፃናቱ ተማሪዎች ግፍ ተፈጸመባቸው፤ እሱ አምልጦ ተረፈ። ያ ሌሊት በልጁ ልብ ምን ጥሎ እንዳለፈ የጠየቀው አልነበረም። የኋላውን የንጉሡን ቁጣ በዚህ እተረጉማለሁ አልልም። እንዲህ ግን እላለሁ፦ ከእሳት ተርፎ ደብተሩን የያዘ ተማሪ ለዚህ አገር አዲስ አይደለም፤ አለመጠየቁም አዲስ አይደለም።

በነሐሴ 2013 ጦርነቱ በጋይንት በኩል እስከ ደብረ ታቦር ደጃፍ ደረሰ፤ ከባድ መሣሪያ ከተማዋ ውስጥ ወድቆ ሰላማዊ ሰዎች ሞቱ። ያ ሳይሽር ከ2015 ክረምት ጀምሮ ክልሉ ሌላ ግጭት ውስጥ ገባ፤ ብዙ ተማሪ የግቢውን ጥሪ ሲጠብቅ ወራት ቤቱ ተቀመጠ። መንገዱም አላስተማመነም። በ2012 በወልዲያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተገደሉ፤ በዚያው ዓመት ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ የወጡ የአማራ ልጆች ታገቱ፤ በሰኔ 2016 ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው የሚመለሱ ተማሪዎች ገርበ ጉራቻ አካባቢ ታገቱ። የሟቹ ብሔር የትም ይሁን፣ እናት በየቤቷ አንድ ናት።

በዚህ ላይ ፈተናው አለ። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ ሦስት ያህሉ ብቻ ነበሩ። ከ2015 ጀምሮ ደግሞ ዲግሪ ለመያዝ የመውጫ ፈተና ማለፍ ግድ ሆነ። ፈተናው አያስፈልግም አልልም። ግን የተኩስ ድምፅ ሰምቶ ያደረን ልጅ «ለምን አላጠናህም?» ብቻ ብለን ከያዝነው፣ ወደ አዲሱ አብሾ እየገፋነው ነው። አዲሱ አብሾ ጫት ነው፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚዋጥ ኪኒን ነው፤ ሌሊቱን የሚያስገድል ስልክ ነው። የድሮው ተማሪ ለማስታወስ ጠጥቶ ረሳ፤ የዛሬው ለማጥናት ቅሞ እንቅልፍ ያጣል፤ ያላረፈ አእምሮ ደግሞ ያጠናውን አይዝም።

፬. እንግዲህ ምን ይደረግ?

«ስፔሻሊስት የለንም» የሚለው እውነት ነው፤ ግን ሙሉ መልስ አይደለም። ዚምባብዌም አልነበራትም። ዲክሰን ቺባንዳ የሚባል የአእምሮ ሐኪም በ1998 ዓ.ም. ገደማ በሐራሬ 14 አያቶችን አሠልጥኖ በጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው። የመጣውን ሰው ያዳምጣሉ፤ ችግሩን አብረው ይፈቱታል፤ የባሰበትን ወደ ሐኪም ይልካሉ። በሾና ቋንቋ ሕመሙን «ኩፉንጊሲሳ» ይሉታል፤ አብዝቶ ማሰብ ማለት ነው። የእኛ እናቶች «ሐሳብ ገባው» የሚሉት አይደል? በፈረንጆቹ 2016 የታተመ ጥናት አሠራሩ የሰዎቹን ጭንቀት በእርግጥ እንደቀነሰ አሳይቷል።

እኛ ከአያቶቹ በፊት የኔታ ነበሩን። የሚያስፈልገው ጎጆውንና ልመናውን መመለስ አይደለም፤ ቆጠራውን መመለስ ነው። በየብሎኩ ለጥቂት ዶርሞች አንድ የሠለጠነ ነባር ተማሪ ይኑር፤ ሥራው ይታወቅለት፤ ጥቂት አበልም ይሰጠው። ሳምንት ክላስ የቀረን ተማሪ መምህሩ ከውጤት በፊት ይወቀው። የምክር ክፍሉ የሚያስፈራ የዲሲፕሊን ቢሮ አጠገብ አይሁን፤ የገባም ምስጢሩ ይጠበቅለት። የግቢ ጉባኤውም የሙስሊም ተማሪዎች ጀመዓውም ልጁን ከዶርም የሚያወጣ ክንድ አላቸው፤ የሆስፒታሉን በር የሚያውቅ ሰው በመካከላቸው ይኑር። የሴቶች ዶርም ደግሞ የራሱ ሰው ይፈልጋል።

ለወላጆችም አንድ ነገር። ስልክ ስትደውሉ «ውጤት እንዴት ነው?» ከማለታችሁ በፊት «እንቅልፍ እንዴት ነው ልጄ? ከማን ጋር በላህ?» በሉ። ከጓደኞቹ ጋር መብላት የተወ፣ የሚወደውን ዕቃ ለሰው ማደል የጀመረ፣ «ብሞት ይሻላል» ያለ ልጅ ቀልድ እየነገራችሁ አይደለም። ብቻውን አትተዉት፤ በቀጥታ ጠይቁት፤ ወደ ሐኪም አብራችሁት ሂዱ። መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም።

ለተማሪዎች ደግሞ፦ የዶርማችሁ አራተኛ አልጋ ላይ ያለው ልጅ ለስንት ቀን ካፌ አልታየም? እኔ በጊዜው አልቆጠርኩም። የእኚያ አባት ጥያቄ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

«እገሌስ?» በሉ። ትምህርት ቤታችን ዱሮ በዚህ ቃል ነበር የሚያድረው።