ሄደው የተመለሱ ሰዓሊያን

እኛ በሚዛን ተፈሪና በቴፒ የቡና አገር የምንኖር ሰዎች ፍሬው ባሕር ቢሻገርም ችግኙ እዚሁ እንደሚተከል እናውቃለን። ለሥዕል ትምህርት ባሕር ማዶ የዘለቁትን ኢትዮጵያውያን ታሪክም የምመዝነው በዚሁ ነው፤ ማን ሄደ ብቻ ሳይሆን፣ ተመልሶ ማንን አስተማረ?

አፈወርቅ ተክሌ እ.ኤ.አ. በ1947 የማዕድን ምህንድስና ሊማሩ እንግሊዝ ሄደው ወደ ሥዕል አዘነበሉ፤ በሥራቸውም አገር አስጠሩ። አለ ፈለገ ሰላም ደግሞ ቺካጎ ተምረው ሲመለሱ አዲስ አበባ ላይ በ1950 ዓ.ም. የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ከፈቱ። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስማቸው የሚጠራው እሱ ነው።

ከጀርመን፣ ከኮሎኝ የተመለሱት ገብረ ክርስቶስ ደስታ እዚያ አስተማሩ። እስክንድር ቦጎሲያንም ከለንደንና ከፓሪስ እ.ኤ.አ. በ1966 ገብተው እስከ 1969 አስተማሩ። የቆዩት ሦስት ዓመት ያህል ብቻ ቢሆንም ዘር ሳይተክሉ አልሄዱም። ዘሪሁን የትምጌታ ሥዕል የተማሩት በዚሁ ቤት ነው፤ በኋላም በተራቸው መምህር ሆኑበት።

እንግዲህ የጥቂቶች ጉዞ ላልሄዱት ብዙዎች የተረፈው በዚህ መንገድ ነው። ለቤንች ልጅ ግን አዲስ አበባም ባሕር ማዶ ያህል ይርቃል። ከዚያ የተመረቀው ወጣት ብሩሹን ይዞ ወደ ሚዛን ካልተመለሰ፣ አለ ፈለገ ሰላም የጀመሩት መንገድ ገና ግማሽ ላይ ነው።