የመብራት ሽቦ፣ የምጣድ ሽቦ፣ የሻወር ሽቦ

ወላይታ ሶዶ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ በመሆንዋ፣ በክረምት ማለዳ ከቧንቧዋ የሚወርደው ውሃ አጥንት ሰርስሮ ይገባል፤ ስለዚህም የቀደሙት ሰዎች ገላቸውን ለመታጠብ ሲሹ ውሃውን በማገዶ አፍልተው፣ ቀዝቃዛ ቀላቅለውበት፣ በጣሳ እየጨለፉ ይታጠቡ ነበር። ከምድር ሆድ ፍል ውሃ በሚመነጭበት ሥፍራ የሚኖር ሰው ከዚህ ድካም ነፃ ነው፤ እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወደ ፍል ውሃው እየወረዱ መታጠብን በመውደዳቸው ምክንያት በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ እንደ ተቈረቈረች ሁሉም ያውቀዋል። ፍል ውሃ የሌለው ሕዝብ ግን ፍል ውሃን በሽቦ ወደ ቤቱ ለመሳብ ረጅም ዘመን መጠበቅ ነበረበት።

ኃይለ ኤሌክትሪክ ወደ አገራችን የገባው ለገላ መታጠቢያ ሳይሆን ለብርሃን ነው። በ1890 ዓ.ም. ገደማ በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት የተተከለው ሞተር የመጣው አዳራሹን ለማብራት ነበር፤ በ1924 ዓ.ም. የአባ ሳሙኤል የውሃ ኃይል ማመንጫ ሥራ ሲጀምርም፣ በ1948 ዓ.ም. ነገሩን ሁሉ የሚመራ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት ሲቋቋምም፣ ሕዝቡ ያወጣለት ስም «መብራት ኃይል» ሆነ፤ በስሙ ውስጥ የቀደመው መብራት ነው፣ ኃይል ተከታይ ነው። ቋንቋችን ይህን ታሪክ እስከ ዛሬ እንደ ያዘ ይኖራል፤ ምጣዱ ሲቀዘቅዝ፣ ማቀዝቀዣው ዝም ሲል፣ ወፍጮው ሲቆም የምንለው አንድ ነገር ነው፦ «መብራት ሄደ»።

እኔ በዚህ ጽሑፍ ማሳየት የምሻው፣ የቤቶቻችን ግድግዳም እንደ ቋንቋችን ያንኑ ታሪክ በሆዱ ይዞ እንደሚኖር ነው። አምፖል ለማብራት 1.5 የሚባለው ቀጭን ሽቦ፣ ለሶኬትም 2.5 ይበቃ ነበርና፣ የድሮዎቹ ቤቶች በዚህ ልክ ተሠሩ። (ቁጥሩ የሽቦውን ውፍረት ሳይሆን ሲቈረጥ የሚታየውን የመዳቡን ገጽ ስፋት በካሬ ሚሊ ሜትር የሚናገር ነው፤ ይህን የማይለዩ ገዢዎች ብዙ ናቸውና ልብ ይባል።) ከዚያ በኋላ የእንጀራው የኤሌክትሪክ ምጣድ መጣ፤ 3,500 ዋት ያህል የሚበላ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ስለሚስብ፣ ሠራተኞቹ ከቆጣሪው ተነሥቶ ከሌላው ሳይቀላቀል የሚሄድ ባለ 4 ሽቦ ለብቻው መሳብን ተማሩ፤ «የምጣድ መስመር» የሚለውም ቃል ከሙያው ቋንቋ ጋር ተዋሐደ። የወጥ ቤት እናቶች የጠየቁት ይህ መስመር በእኔ አስተያየት የአገራችንን የሽቦ ሙያ ከብርሃን ዘመን ወደ ሙቀት ዘመን ያሻገረ ድልድይ ነው።

ሻወሩ ግን ከምጣዱ ይበልጣል። ውሃውን በጋን ሳያጠራቅም ሲያልፍ ብቻ የሚያሞቀው፣ በብራዚል ባለፈው የአውሮፓውያን መቶ ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ የተፈለሰፈው ዓይነት፣ ብዙ ጊዜ 5,500 ዋት ይጠይቃል፤ ይህም ለ220 ሲካፈል 25 አምፔር ነው። ምጣድ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ይጣዳል፤ ሻወር ግን በየማለዳው ይከፈታል፣ አምስት ነፍስ ያለበት ቤት አምስት ጊዜ በተከታታይ ይከፍተዋል።

ባለፈው ክረምት በሶዶ ከተማ በአንድ ወዳጄ ቤት ያየሁትን ልናገር። ሻወሩ በተከፈተ ቁጥር የሳሎኑ አምፖል ይፈዝ ነበር፤ ብሬከሩም እየወረደ ስላስቸገራቸው አንድ ሰው መጥቶ ባለ 20 አምፔሩን አንሥቶ በባለ 32 ለውጦላቸው፣ መውረዱ ስለ ቀረ ነገሩ የተፈታ መስሏቸው ነበር። ከጥቂት ሳምንት በኋላ የተቃጠለ ጎማ የሚመስል ሽታ ሲበዛባቸው፣ ሰፈሩ ሁሉ «ጋሼ» የሚላቸውን አንድ አዛውንት የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠሩ። አዛውንቱ የግድግዳውን ሳጥን ከፍተው ሽቦውን በጣታቸው ቢያጥፉት ፕላስቲኩ እንደ ደረቅ ቅጠል ተፈረፈረ፤ ውስጡም መዳቡ ጠቊሮ ነበር። «ልጄ» አሉት ለባለቤቱ፣ «ይኸ 2.5 ነው። ለሬዲዮና ለካውያ የተሳበ ነው፤ ምናልባት የሳብኩትም እኔ ሳልሆን አልቀርም። ብሬከሩ ሻወሩን አይጠብቅም፤ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው፤ እናንተ ዘበኛውን አሰናብታችሁ ደንቆሮ ቀጠራችሁ።»

የአዛውንቱን ቃል ሥነ ፍጥረት ራስዋ ትመሰክርለታለች። እንግሊዛዊው ጄምስ ጁል በ1841 (በአውሮፓ አቈጣጠር) እንደ ገለጸው፣ በሽቦ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት ከአምፔሩ ካሬ ጋር ያድጋል፤ አምፔሩ እጥፍ ቢሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ከቆጣሪው እስከ መታጠቢያ ቤቱ 20 ሜትር ቢሆን፣ መሄጃና መመለሻ 40 ሜትር ሽቦ ነው፤ 25 አምፔር ሲያልፍበት 2.5 የሆነው ሽቦ በግድግዳው ውስጥ ወደ 185 ዋት ይነድዳል፣ ይህም ሦስት የ60 ዋት አምፖሎች በሲሚንቶ ተቀብረው ያለ ማቋረጥ እንደሚግሉ ያህል ነው፤ 6 የሆነው ሽቦ ግን ወደ 77 ዋት ብቻ ይነድዳል። እንግዲህ 3,500 ዋት ለሚሆን ሻወር 4፣ 5,500 ለሚሆነው 6 ከ32 ብሬከር ጋር፣ መንገዱ የረዘመ እንደሆነም ከዚያ ከፍ ያለ መምረጥ ይገባል፤ ውሃና ኤሌክትሪክ በአንድ ሥፍራ የሚገናኙ በመሆናቸውም የምድር ሽቦው ፈጽሞ አይዘለልም።

ይህንኑ ሕግ በታላቅ መጠን ለማየት ከሶዶ ብዙ መራቅ አያሻም። በወላይታና በዳውሮ መካከል በኦሞ ወንዝ ላይ የተሠራውና በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው፣ ቁመቱ ከ240 ሜትር በላይ የሆነው የግልገል ግቤ 3 ግድብ 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት ኃይል አለው፤ ከዚያ የሚወጣው በ400 ሺህ ቮልት ወደ ሶዶ ማከፋፈያ ጣቢያ ይደርሳል፤ ከሶዶም ተነሥቶ 1,045 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ኬንያ ሱስዋ ድረስ የሚዘልቀው ባለ 500 ሺህ ቮልት መስመር እስከ 2,000 ሜጋ ዋት ይሸከማል። መሐንዲሶቹ ቮልቱን ከፍ ያደረጉት አምፔሩን ለማሳነስ ነው፤ አምፔሩ ካልቀነሰ እንዲህ ያለውን ርቀት የሚችል መዳብም ሆነ አሉሚኒየም በዓለም ላይ ባልተገኘም ነበር። የቤት ባለቤት ግን ይህ ሥልጣን የለውም፤ ወደ ደጁ የመጣለት 220 ቮልት ነውና በእጁ የቀረው ምርጫ የመዳቡ ስፋት ብቻ ነው። በአገር ደረጃ ይህን ያህል የተጠነቀቅንለትን ነገር፣ ከቆጣሪው ወዲህ ባለችው 20 ሜትር ላይ ቸል ማለታችን እጅግ ያሳዝነኛል።

በማግስቱ አዛውንቱ ከገበያ ባለ 6 ሽቦ በሦስት ቀለም አስመጡ፤ ቀይ ለፌዝ፣ ጥቁር ለኒውትራል፣ ቢጫና አረንጓዴ የተቀላቀለበት ለምድር። ሦስቱ በወለሉ ላይ ጎን ለጎን ሲዘረጉ፣ አረንጓዴው ሳይቈጠር፣ የወላይታው ሸማኔ ዱንጉዛ የሚሠራባቸውን ቀይ፣ ጥቁርና ቢጫ ድሮች መሰሉኝ። አሮጌው ቱቦ ለአዲሱ ውፍረት ጠባብ ስለ ነበር ግድግዳው በመሮ ተከፍቶ ሰፊ ቱቦ ገባ፤ የቤቱ ልጅ ከወዲህ እየገፋ፣ አዛውንቱ ከወዲያ እየሳቡ፣ ሽቦው ማጠፊያው ላይ ሲይዝ «ቆይ፣ አታስገድደው» እያሉ፣ እስከ ቀትር ሠሩ። ወደ ማታ ሻወሩ ሲከፈት ሁላችንም ቀና ብለን የሳሎኑን አምፖል አየን፤ አልፈዘዘም። አዛውንቱ ግን ወደ አምፖሉ አላዩም፤ መዳፋቸውን በሳጥኑ ክዳን ላይ አሳርፈው፣ ሙቀት እንዳለው ለማወቅ ረጅም ጊዜ ዝም ብለው ቆሙ።