የፍሪጅ አለማቀዝቀዝ

የፍሪጅ አለማቀዝቀዝ የቤት ማቀዝቀዣ (ፍሪጅ) ምግብን በሚፈለገው ቅዝቃዜ መያዝ ሲያቅተው የሚታይ ብልሽት ነው። በደህና የሚሠራ ፍሪጅ ዋናው ክፍሉ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወይም ከዚያ በታች፣ በረዶ ቤቱ (ፍሪዘሩ) ደግሞ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ አካባቢ ይሆናል። ብልሽቱ ሲያጋጥም ብዙ ጊዜ የሚሰነዘረው የመጀመሪያ ግምት «ጋዙ አልቋል» የሚል ነው። ይሁን እንጂ የፍሪጅ ጋዝ እንደ መኪና ነዳጅ እየተቃጠለ አያልቅም፤ በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ ያው ጋዝ ለዓመታት ይመላለሳል። ከጎደለ የወጣበት ቀዳዳ አለ ማለት ነው። ቀዳዳው ሳይገኝና ሳይደፈን የሚሞላ ጋዝ እንደ ቀድሞው ተመልሶ ይወጣል። ከጋዝ ጋር ምንም ግንኙነት የሌላቸው መንስኤዎችም ጥቂት አይደሉም፤ ስለዚህ ቧንቧው ከመከፈቱ በፊት እነርሱ ይመረመራሉ።

አሠራር

ፍሪጅ ሙቀትን ከውስጥ አንስቶ ወደ ውጭ የሚያወጣ መሣሪያ ነው። ከኋላ በታች የሚገኘው ኮምፕሬሰር (በተለምዶ ሞተር የሚባለው) ጋዙን ይጨምቀዋል። የተጨመቀው ጋዝ ይሞቅና በኮንደንሰሩ ቧንቧ ሲያልፍ ሙቀቱን ለክፍሉ አየር ሰጥቶ ፈሳሽ ይሆናል። ፈሳሹ በማጣሪያና ካፒላሪ በሚባል እጅግ ቀጭን የመዳብ ቱቦ በኩል ሲያልፍ ግፊቱ ይወርዳል፤ ከዚያም በውስጠኛው ቧንቧ፣ በኢቫፖሬተሩ፣ እየፈላ ወደ ጋዝነት ሲመለስ የምግቡን ሙቀት ይወስዳል።

በቀድሞ ፍሪጆች ይሠራበት የነበረው አር-12 የኦዞን ንጣፍን ስለሚጎዳ በ1987 እ.ኤ.አ. በተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ከአገልግሎት ወጥቷል። ተተኪዎቹ በተለመደው የአየር ግፊት ከዜሮ በታች 26 ዲግሪ ላይ የሚፈላው አር-134ኤ እና ከዜሮ በታች 12 ዲግሪ ገደማ ላይ የሚፈላው አር-600ኤ (አይሶቡቴን) ናቸው። አይሶቡቴን ተቀጣጣይ ነው።

ሙቀቱ በዚህ መንገድ የሚጓዝ ስለሆነ ምርመራውም ይህንኑ መንገድ ይከተላል፤ ኮምፕሬሰሩ ይሠራል ወይ? ኮንደንሰሩ ይሞቃል ወይ? ውስጡስ በረዶ ይይዛል ወይ?

ፍሪጁ ጨርሶ የማይሠራ ከሆነ

የበሩ አምፖል ካልበራ ችግሩ ከፍሪጁ ውጭ ሊሆን ይችላል። ሶኬቱ በስልክ ቻርጀር ወይም በሌላ ዕቃ ይፈተሻል። ፍሪጅ ከብዙ ዕቃዎች ጋር በአንድ ዲቫይደር ላይ ሲሰካ የዲቫይደሩ ጥርሶች እየላሉና እየተቃጠሉ ስለሚሄዱ በቀጥታ ግድግዳ ላይ መሰካቱ ይመረጣል። አምፖሉ እየበራ ሞተሩ ጸጥ ካለ ደግሞ የሙቀት መቆጣጠሪያው (ቴርሞስታት) ዜሮ ላይ አለመሆኑ ይታያል። ጽዳት በሚደረግበት ጊዜ ቁልፉ ሳይታወቅ ዜሮ ላይ ዞሮ መገኘቱ አዲስ ነገር አይደለም።

ሞተሩ ሊነሣ ሞክሮ፣ ጥቂት አጉረምርሞ «ጠቅ» ብሎ የሚያቆም፣ ከደቂቃዎች በኋላም ይህንኑ የሚደግም ከሆነ ሁለት ዋና ተጠርጣሪዎች አሉ። አንደኛው የኃይል ማነስ ነው። የኢትዮጵያ የቤት መብራት 220 ቮልት ነው፤ የሞተር የመነሻ ጉልበት ግን ከቮልቱ ጋር እኩል አይወርድም፣ በካሬው ይወርዳል። ቮልቱ ወደ 180 ሲቀንስ ጉልበቱ ከመደበኛው ሁለት ሦስተኛ ገደማ ብቻ ይቀራል። ያኔ ሞተሩ መዞር አቅቶት ከፍተኛ ኃይል ይስባል፣ ይግላል፣ መከላከያውም ያቋርጠዋል። ምሽት ላይ ብቻ የሚታይ ችግር ብዙ ጊዜ የዚህ ዓይነቱ ነው፤ መድኃኒቱም ስታቢላይዘር እንጂ ጋዝ አይደለም። መብራት ጠፍቶ ወዲያው ሲመጣም የቧንቧው ግፊት ገና ስላልተመጣጠነ ሞተሩ ይቸገራል። በመብራት መጥፋት ጊዜ ፍሪጁን ነቅሎ፣ መብራቱ ከተመለሰ ከ5 ደቂቃ ገደማ በኋላ የመሰካት ልማድ ስለዚህ ትክክለኛ ምክንያት አለው።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ በኮምፕሬሰሩ ጎን የሚሰካው ማስነሻ (ሪሌ) ነው። ፍሪጁ ተነቅሎ ማስነሻው ሲወጣና ሲነቀነቅ እንደ ገል ስብርባሪ የሚንኳኳ ከሆነ ተሰብሯል፤ ዋጋው ከኮምፕሬሰር ጋር የሚወዳደር አይደለም። የኮምፕሬሰሩን ጤንነት ባለሙያ በመልቲሜትር ይለካል። ከሦስቱ ጫፎቹ፣ በመነሻውና በመሮጫው መካከል ያለው ተቃውሞ እነዚህ ሁለቱ ከጋራው ጫፍ ጋር ያላቸው ተቃውሞ ድምር መሆን አለበት። ከሦስቱ አንዱም ከብረት አካሉ ጋር መገናኘት የለበትም። ይህ ልኬት የጥቂት ደቂቃ ሥራ ስለሆነ፣ ሳይለካ «ሞተሩ ተቃጥሏል» ማለት ግምት ብቻ ነው።

ሞተሩ እየሠራ የማይቀዘቅዝ ከሆነ

በመጀመሪያ በሩ ይታያል። አንድ ወረቀት በበሩ ጎማ መሃል ተደርጎ ሲዘጋና ሲጎተት ያለ ምንም ትግል ከወጣ ጎማው ለቋል ወይም ቆሽሿል። ለብ ባለ ውኃና በሳሙና መታጠቡ ብዙ ጊዜ ይበቃዋል። ቀጥሎ ኮንደንሰሩ ነው። ከኋላ ያለው ጥቁር ፍርግርግ አቧራ ከጠገበ ወይም ፍሪጁ ከግድግዳ ጋር ከተጣበቀ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። በብዙ አዳዲስ ፍሪጆች ፍርግርጉ በጎን ግድግዳዎቹ ውስጥ የተቀበረ ስለሆነ ጎናቸው መሞቁ ጤናማ ምልክት ነው።

የበዓል ሰሞን ቅሬታ ለብቻው መታየት አለበት። 20 ኪሎ የቅርጫ ሥጋ ከእርድ እንደ ወጣ በ35 ዲግሪ ሙቀቱ ቢገባ፣ በሴኮንድ 100 ጁል ሙቀት የሚያወጣ ፍሪጅ ሥጋውን ብቻ ወደ 4 ዲግሪ ለማውረድ 6 ሰዓት ገደማ ያስፈልገዋል፤ የአየር መተላለፊያው በፌስታል ከተደፈነ ደግሞ ከዚያም በላይ። ይህ ፍሪጅ አልተበላሸም።

በረዶ ቤቱ እየቀዘቀዘ የታችኛው ክፍል ሲሞቅ፣ በረዶ በማይሠሩ (ኖ ፍሮስት) ፍሪጆች ላይ ጥርጣሬው ወደ አየር ማራገቢያውና ወደ በረዶ ማቅለጫው ይሄዳል። ፍሪጁ ተነቅሎ፣ በሩ ተከፍቶ አንድ ሙሉ ቀን ከቆየ በኋላ ጥቂት ቀናት በደንብ ሠርቶ እንደገና የሚያቆም ከሆነ ማቅለጫው፣ ሰዓት ቆጣሪው ወይም ጠቋሚው አይሠራም። በረዶን በቢላ መፈንቀል ግን ከሁሉ የከፋ መፍትሔ ነው፤ የኢቫፖሬተሩ ቧንቧ ከተበሳ ብዙ ጊዜ ጥገናው አያዋጣም።

የተገላቢጦሹም ያጋጥማል። በደጋ ከተሞች በብርድ ወራት የክፍሉ ሙቀት ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ፣ አንድ ቴርሞስታት ብቻ ያላቸው ባለ ሁለት በር ፍሪጆች ዋናው ክፍል ቀዝቅዟልና ሞተሩን አያስነሡም፤ በረዶ ቤቱ ግን ይቀልጣል።

የጋዝ መጉደል

እውነተኛ የጋዝ መጉደል የራሱ ምልክት አለው። ሞተሩ ያለ ዕረፍት ይሠራል፣ ኮንደንሰሩ እምብዛም አይሞቅም፣ በኢቫፖሬተሩ ላይ ውርጩ በመግቢያው አካባቢ ብቻ ተወስኖ ይቀራል። በቧንቧ መጋጠሚያ ላይ የቅባት እድፍ መታየቱም ቀዳዳውን ይጠቁማል። የተደፈነ ካፒላሪም ተመሳሳይ መልክ ስላለው ሁለቱን መለየት የባለሙያ ሥራ ነው። ትክክለኛው ጥገና ቀዳዳውን መድፈን፣ ማጣሪያውን መለወጥ፣ ቧንቧውን በቫኪዩም ፓምፕ ከአየርና ከእርጥበት ማጽዳት፣ በመጨረሻም በኮምፕሬሰሩ መለያ ላይ የተጻፈውን ዓይነትና ግራም በሚዛን መሙላት ነው። በአይሶቡቴን የሚሠራ ፍሪጅ መጠኑ ብዙውን ጊዜ ከ100 ግራም ስለማይበልጥ በግምት መሙላት አይቻልም፤ ጋዙ ሳይወጣ እሳት ያለው ብየዳ ማካሄድም አደገኛ ነው።

ምግብና መድኃኒት

በሩ ካልተከፈተ፣ መብራት የጠፋበት ፍሪጅ ቅዝቃዜውን 4 ሰዓት ገደማ፣ የሞላ በረዶ ቤት ደግሞ 48 ሰዓት ያህል ይይዛል። ከ4 ዲግሪ በላይ ሆኖ ከ2 ሰዓት በላይ የቆየ ሥጋ፣ ወተትና የበሰለ ወጥ ሽታው ባይለወጥም ይጣላል። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ ያለበት ሲሆን፣ አንዴ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ከቀለጠ በኋላም አይወሰድም። ስለዚህ ፍሪጁ እስኪጠገን ተብሎ ወደ በረዶ ቤት አይዛወርም፤ ወደ ጎረቤት ፍሪጅ ወይም ወደ ቅርብ ፋርማሲ ይወሰዳል።