የዶሃውን የኢስላማዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ለመጎብኘት፦ ከመሄዳችሁ በፊት ልታውቁት የሚገባ

በኳታር ዋና ከተማ በዶሃ፣ ኮርኒሽ ከሚባለው የባሕር ዳርቻ ጎዳና ፈንጠር ብሎ፣ ውኃ ላይ የቆመ የሚመስል ነጣ ያለ የድንጋይ ሕንፃ አለ። የኢስላማዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ተከፍቶ፣ ለእድሳት ተዘግቶ ከቆየ በኋላ በ2022 እንደገና ለሕዝብ ክፍት ሆኗል። ከአንዳሉስ እስከ ህንድና ደቡብ ምሥራቅ እስያ የተሰበሰቡ፣ የ1,400 ዓመታት ታሪክ ያላቸው ቁርኣኖች፣ የብረትና የመስታወት ሥራዎች፣ ምንጣፎች፣ ጌጣጌጦችና የሳይንስ መሣሪያዎች በውስጡ ይገኛሉ።

ኳታር ውስጥ ሠርተው የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን ሕንፃውን ከሩቅ ያውቁታል፤ ገብተው ያዩት ግን ጥቂቶች ናቸው። “ለቱሪስት የተሠራ ነው”፣ “ውድ ነው” የሚለው ግምት አንዱ ምክንያት ነው። ሌላው ደግሞ በር ላይ መመለስን ወይም በማያውቁት ደንብ መገሠጽን መፍራት ነው። ይህ ጽሑፍ ለሁለቱም መልስ ይሰጣል።

ስለ ሕንፃው

ንድፉን ያወጣው በፓሪሱ የሉቭር ሙዚየም የመስታወት ፒራሚድ የሚታወቀው ቻይና ተወላጁ አሜሪካዊ አርክቴክት አይ. ኤም. ፔይ ነው። ሙዚየሙ ሲከፈት የ91 ዓመት አዛውንት ነበር። ሥራውን ከመጀመሩ በፊት የሙስሊሙን ዓለም ሥነ ሕንፃ ለማወቅ ብዙ አገሮችን ዞሯል። በመጨረሻም የፈለገውን ያገኘው ካይሮ በሚገኘው በኢብን ጡሉን መስጂድ ነው። በመስጂዱ ግቢ መካከል ያለው፣ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራው የዉዱእ ማድረጊያ ቤት ካሬው ወደ ስምንት ማዕዘን፣ ስምንት ማዕዘኑ ወደ ጉልላት እያለ የሚወጣበት መንገድ የሙዚየሙ ቅርጽ መነሻ ሆነ።

ፔይ ወደፊት የሚሠሩ ፎቆች ሕንፃውን እንዳይሸፍኑት ሰግቶ ስለነበር፣ በባሕሩ ላይ ለብቻው ሰው ሠራሽ ደሴት እንዲሠራለት ጠየቀ። ተፈቀደለትም። ስለዚህ ስትገቡ ቀጥታ ወደ አዳራሾቹ አትሩጡ። መሐል ቆማችሁ ወደ ጉልላቱ ቀና በሉ፤ ከዚያም 45 ሜትር በሚረዝመው የመስታወት ግድግዳ በኩል ባሕሩን ተመልከቱ።

መቼ እንሂድ?

ለቤት ሠራተኞችና ለብዙ ተቀጣሪዎች የዕረፍት ቀን ጁሙዓ ናት። በዚህ ቀን ሙዚየሙ የሚከፈተው ከጁሙዓ ሶላት በኋላ ነው። በሳምንት ያለቻቸውን አንዲት ነፃ ቀን ይዘው ጠዋት የሚሄዱ ሰዎች በሩን ዝግ ያገኙታል። ሜትሮም በጁሙዓ ከሌሎቹ ቀናት ዘግይቶ ነው ሥራ የሚጀምረው። ስለዚህ ጁሙዓን በአካባቢያችሁ ሰግዳችሁ፣ ምሳ በልታችሁ መነሳቱ ይሻላል። በረመዳንና በዒድ ሰዓቱ ስለሚለወጥ፣ በሄዳችሁበት ሳምንት የሙዚየሙን ድረ ገጽ ተመልከቱ።

አንድ ጥንቃቄ፦ በድረ ገጹ ላይ ያለው ሰዓት በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ነው። 13:30 የሚል ካያችሁ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 7:30 ማለት ነው። ከጓደኛ ጋር ስትቃጠሩ “በሀበሻ ሰዓት ነው ወይስ በፈረንጅ?” ብሎ መጠየቅ የግማሽ ቀን ኪሳራ ያድናል።

ለመጀመሪያ ጉብኝት ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ያዙ። ሁሉንም በአንድ ቀን ለማየት መሞከር ያደክማል፤ መጨረሻ ላይ ምንም ትዝ አይልም።

መግቢያና መጓጓዣ

የኳታር የመኖሪያ ፈቃድ መታወቂያ ያለው ሰው በነፃ ይገባል፤ መታወቂያውን ግን መያዝ አለበት። ከውጭ የመጣ ጎብኚ ትኬት ይገዛል። የዕለቱን ዋጋና የልጆችን መግቢያ ድረ ገጹ ላይ ማየት ይቻላል።

በሜትሮ ለሚሄዱ በጎልድ መስመር ሱቅ ዋቂፍ ወይም ናሽናል ሙዚየም ጣቢያ መውረድ ይቻላል፤ ከዚያ ያለው መንገድ በእግር ወይም በአጭር ታክሲ ነው። በበጋው ሙቀት እኩለ ቀን ላይ በእግር መሄድ አይመከርም። በዶሃ በኩል ትራንዚት የሚያደርጉ መንገደኞች ደግሞ ከአውሮፕላን ማረፊያው ለመውጣት የመግቢያ ቪዛ እንዳላቸው ጉዞ ከመጀመራቸው በፊት ያረጋግጡ።

በውስጡ የሶላት ቦታ ስላለ ዐስር ወይም መግሪብ ቢደርስባችሁ አትጨነቁ። ስትገቡ መረጃ ክፍሉን የት እንደሆነ ጠይቁ።

ሳታዩ እንዳትመለሱ

አንደኛው፣ “ሰማያዊው ቁርኣን” ተብሎ ከሚታወቀው ሙስሐፍ የመጣ ቅጠል ነው። በ9ኛው ወይም በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በሰማያዊ ቀለም በተነከረ ብራና ላይ በወርቅ በኩፊ ፊደል ተጽፏል። የፊደሎቹ ነጥቦችና ሐረካዎች ስለሌሉበት ዐረብኛ አንባቢም ቶሎ ላያነበው ይችላል። የዚህ ሙስሐፍ ቅጠሎች ዛሬ በተለያዩ አገሮች ሙዚየሞች ተበታትነው ነው ያሉት።

ሁለተኛው፣ በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአንዳሉስ ከነሐስ የተሠራች እንስት አጋዘን ናት፤ የውኃ ፏፏቴ አፍ ሆና ታገለግል ነበር። ሦስተኛው፣ የህንዱ የሙጋል ንጉሥ ሻህ ጃሃን ባለቤቱ ሙምታዝ ማሃል ከሞተች በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1631/32 ያሠራው ከጄድ ድንጋይ የተቀረጸ የደረት ጌጥ ነው። ንጉሡ ለዚችው ሴት ታጅ ማሃልን ያስገነባው ነው። ከነዚህ በተጨማሪ ለቂብላ፣ ለሶላት ሰዓትና ለከዋክብት ጥናት ያገለግሉ የነበሩትን አስትሮላቦች አትለፏቸው። ዕቃዎች በየጊዜው ስለሚቀያየሩ የምትፈልጉት ካልታየ አስተናጋጆቹን ጠይቁ።

ስለ ሥዕሎችና ቅርጾች

የሰውና የእንስሳት ምስል በኢስላማዊ ሙዚየም ማየት አንዳንድ ጎብኚዎችን ያስገርማል። አንድ ነገር አስተውሉ፦ ምስሎቹ የሚገኙት በቤተ መንግሥት ዕቃዎች፣ በግጥምና በታሪክ መጻሕፍት ላይ ነው። በቁርኣን ገጾችና በመስጂድ ዕቃዎች ላይ የምታዩት ጽሕፈት፣ ሐረግና የጂኦሜትሪ ቅርጽ ብቻ ነው። ሙዚየሙ የሚያሳየው ታሪክን እንጂ ፈትዋን አይደለም። የፊቅህ ጥያቄ ያለው ሰው ወደ ዑለማዎቹ ይሂድ።

ሕጎቹና ምክንያታቸው

አለባበስ፦ ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ይጠየቃል።

አለመንካት፦ ንጹሕ የሚመስል እጅም ወዝና ጨው አለው። ብረትን ያዝጋል፣ ጨርቅንና ወረቀትን ያቆሽሻል። ለበረካ ብሎ መስታወቱን መዳበስም ሆነ መደገፍ አያስፈልግም።

ፍላሽ፦ በስልክ ለግል ፎቶ ማንሳት በአብዛኛው ይፈቀዳል፤ ፍላሽና የካሜራ ማቆሚያ ግን አይፈቀዱም። ጊዜያዊ ኤግዚቢሽኖች ፎቶን ጨርሰው ሊከለክሉ ስለሚችሉ በር ላይ ያለውን ምልክት እዩ።

ድብዝዝ ብርሃን፦ ብዙ ሰው “ለምን አጨለሙት?” ይላል። ብርሃን ቀለምን ይበላል፤ የደረሰው ጉዳት ደግሞ አይመለስም። ስለዚህ የእጅ ጽሑፎች በዓለም ዙሪያ በ50 ሉክስ አካባቢ በሆነ ደካማ ብርሃን ይታያሉ። አንድ ደቂቃ ብትታገሡ ዓይናችሁ ይለምደዋል።

ምግብ፣ ውኃና ቦርሳ፦ ወደ አዳራሾቹ ምግብና መጠጥ ይዞ መግባት አይፈቀድም። ፍርፋሪ ብራና የሚበሉ ነፍሳትን ይጠራል። ትልልቅ ቦርሳዎችን በር ላይ አስቀምጡ።

ድምፅ፦ ስልክን ዝም ማሰኘት፣ በቪዲዮ ጥሪ ለቤተሰብ “እዩልኝ” ማለትን ከአዳራሹ ውጭ ማድረግ ይገባል።

ልጆች፦ ከመግባታችሁ በፊት አብሉ፣ ሽንት ቤት ውሰዱ፣ “በዓይናችን እናያለን፣ በእጃችን አንነካም” በሏቸው። ሦስት ነገር እንዲፈልጉ አድርጉ፦ አንድ አንበሳ፣ አንድ ስምንት ማዕዘን፣ አንድ “አላህ” የሚል ቃል። ሲሰለቹ በአጠገቡ ያለው መናፈሻ ለሩጫ ይበቃል።

ያየነውን ወደ ቤት ማምጣት

እነዚህ ሕጎች ከዶሃ ሙዚየም በላይ ይመለከቱናል። በሐረር፣ በወሎ፣ በጅማና በሌሎችም አካባቢዎች ከአያት ከቅድመ አያት የወረደ በእጅ የተጻፈ ቁርኣን ወይም ኪታብ ያለባቸው ቤቶች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት በተመዘገበችው ሐረር ጁገል ውስጥ የሚገኘው የሸሪፍ ሙዚየም የሰበሰባቸው ጽሑፎች የዚህ ሀብት ምስክር ናቸው። ቤታችን ያለው ግን መስታወትም ጠባቂም የለውም።

ስለዚህ፦ የተቀደደውን ገጽ በፕላስቲክ ማጣበቂያ አታያይዙ፤ ሙጫው ከዓመታት በኋላ ወረቀቱን ያበላሻል። የረጠበውን ፀሐይ ላይ አታስጡ፤ ጥላና አየር ባለበት ቀስ ብሎ ይድረቅ። በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልላችሁ፣ ከጭስ፣ ከእርጥበትና ከምድጃ አርቃችሁ፣ አጋድማችሁ አስቀምጡ። በታጠበና በደረቀ እጅ ያዙ። በእስክሪብቶ ምንም አትጻፉበት፤ በኅዳጉ ላይ ያለው የድሮ ማስታወሻ የጸሐፊው ወይም የባለቤቱ ስም ሊሆን ይችላል።

“አንድ ቅጠል ብቻ ሽጡልኝ” የሚል ገዢ ቢመጣ እምቢ በሉ። ሰማያዊው ቁርኣን ዛሬ በየአገሩ ቅጠል ቅጠሉ የሚታየው አንድ ላይ ስላልቆየ ነው። ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትም በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ ነው። መያዝ ካቃታችሁ ለአካባቢያችሁ የባህልና ቱሪዝም ቢሮ ወይም ለሚታመን ሙዚየም አሳውቁ፤ ቢያንስ ያለ ፍላሽ፣ በቀን ብርሃን ጥላ ሥር፣ ገጽ በገጽ ፎቶ አንሱት። እነዚህ ጽሑፎች የተቀበልናቸው አማና ናቸው።

ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት እነዚህን አረጋግጡ፦ መታወቂያ፣ የዕለቱ የመክፈቻ ሰዓት፣ ምቹ ጫማ፣ ፍላሹ የጠፋ ስልክ፣ ለቀዝቃዛው አዳራሽ የሚሆን ሻሽ ወይም ሹራብ። መልካም ጉብኝት፣ ኢንሻአላህ።