የማኅበራዊ ኑሮ ምርምር በሐርጌሳ

በሐርጌሳ የማኅበራዊ ኑሮ ምርምር፣ እ.ኤ.አ. በ1988 በአየር ድብደባ የፈረሰችው ከተማ፣ ሶማሊላንድ በሜይ 1991 ነፃነቷን ካወጀች በኋላ፣ ከስደት የተመለሰውን ሕዝቧን፣ ነዳያኗንና እጓለ ማውታዋን መርምራ ለማወቅ የጀመረችው ሥራ ነው። የሶማሊላንድ መንግሥት የዓለም ባንክ አባል ስላልሆነ፣ ከባንኩ በራሱ ስም ለመበደር አይችልም፤ ስለዚህም ለመርማሪዎች የሚሰጠው ድጋፍ ከገንዘብ ይልቅ በፈቃድ፣ በቆጠራና በትብብር የሚገለጥ ሲሆን፣ ወጪውን አብዛኛውን ጊዜ የውጭ ለጋሾች ይሸፍኑታል። ይህ ምስጋና የሚገባው ርዳታ ቢሆንም፣ የሚጠናውን ነገር የመምረጥ ሥልጣን ከአገሬው እጅ እንዳይወጣ ብርቱ ጥንቃቄ ያሻል።

እ.ኤ.አ. በ1999 የተመሠረተው የሰላምና የልማት አካዳሚ፣ የጎሣ ሽማግሌዎችን፣ ሴቶችንና ሹማምንትን በአንድ ጉባኤ አስቀምጦ ማወያየትን የምርመራ ስልቱ አደረገ፤ በ2000 ደግሞ የሐርጌሳ ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ።

ከሁሉ የጠለቀው ግን ስለ ሴት ልጅ ግርዛት የተደረገው ጥናት ነው። አዋላጇ እድና አደን እስማኤል፣ የቤተሰብ ደኅንነትና የማኅበራዊ ልማት ሚኒስትር በሆኑበት በ2002 በከፈቱት ሆስፒታል፣ ለእርግዝና ክትትል ከሚመጡ እናቶች መረጃ ሲሰበሰብ ቆየ፤ በ2018 የሃይማኖት ጉዳይ ሚኒስቴር ከባዱን የግርዛት ዓይነት የሚከለክል ፈትዋ (ሃይማኖታዊ ብይን) አወጣ፤ መንግሥቱ በ2020 ያሳተመው የጤናና የሥነ ሕዝብ ጥናትም፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑ ሴቶች 98 በመቶው የተገረዙ መሆናቸውን በይፋ መሰከረ።