የሚቀባ ሚኖክሲዲል

ሚኖክሲዲል በዘር ለሚመጣ የፀጉር መሳሳት የራስ ቆዳ ላይ የሚቀባ መድኃኒት ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ1996 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያለ ሐኪም ማዘዣ ስለሚሸጥ፣ ለዘመድ በሻንጣ ከሚላኩ ነገሮች አንዱ ሆኗል። ከሚኒያፖሊስ–ሴንት ፖል አውሮፕላን ማረፊያ ለሚነሳ መንገደኛ 60 ሚሊ ሊትር የሚይዘው ጠርሙስ አያስቸግርም፤ በእጅ ሻንጣ እስከ 100 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ይፈቀዳልና። ችግሩ ካርቶኑ ከነመመሪያው ተጥሎ፣ ጠርሙሱ ብቻ ፀጉሩ ለምን እንደረገፈ ላልተመረመረ ሰው ሲሰጥ ነው።

መድኃኒቱ ሲጀመር ለፀጉር የታሰበ አልነበረም። የሚቺጋኑ አፕጆን ኩባንያ ያወጣው ክኒን በ1979 ለከባድ የደም ግፊት ተፈቀደ፤ ክኒኑን የሚወስዱ ሕሙማን ግን ባልተጠበቀ ቦታ ሁሉ ፀጉር አበቀሉ። 2 በመቶው ቅባት ሮጌን ተብሎ በ1988 ለወንዶች፣ በ1991 ለሴቶች ተፈቀደ። የደም ሥር የማስፋት ጠባዩ ዛሬም አለቀቀውም፤ ስለዚህ የልብ ሕመም ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር አይጀምረውም።

ወንዶች 5 በመቶውን ፈሳሽ በመለኪያው 1 ሚሊ ሊትር እየለኩ ጠዋትና ማታ ይቀባሉ። ሴቶች 2 በመቶውን በዚሁ መጠን፣ ወይም 5 በመቶውን አረፋ በቀን አንዴ ይጠቀማሉ። ፀጉሩ ይከፈልና ፈሳሹ ንጹሕና ደረቅ ቆዳ ላይ ይንጠባጠባል፤ ቅቤ የተቀባ ራስ አስቀድሞ ይታጠባል። ሲጨርሱ እጅ መታጠብ ግድ ነው። መጠን ማብዛት ፀጉሩን አያፈጥነውም፣ ወደ ደም የሚገባውን ይጨምራል እንጂ። ፈሳሹ አልኮል ስላለበት እሳት ይይዛል፤ ቡና ከሚፈላበት ከሰል አጠገብ ተቀምጦ መቀባት አይገባም።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፀጉሩ ብሶበት ሊረግፍ ይችላል፤ ብዙ ሰው የሚያቆመው እዚህ ላይ ነው። ለውጡ ለመታየት እስከ 4 ወር ይወስዳል። ካቆሙት ደግሞ የበቀለው በወራት ውስጥ ተመልሶ ይረግፋል፤ ይህን ሳያውቁ መጀመር ገንዘብ ማባከን ነው።

አጥብቆ በሚሠራ ሹሩባ የተነሣ ግንባርና ጆሮ ግንድ ላይ የሳሳ ፀጉር ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈልገው ሹሩባውን ማላላት ነው፤ ቆዳው ጠባሳ ከያዘ በኋላ ሚኖክሲዲል አያበቅለውም። የልጆች ቆረቆርም በፈንገስ የሚመጣ በመሆኑ ሐኪም በሚያዘው የሚዋጥ ፀረ ፈንገስ መድኃኒት ይታከማል። ከ18 ዓመት በታች ያሉ፣ ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶች አይቀቡትም፤ የቆሰለ ራስ ላይም አይደረግም።

ማሳከክና መቅላት የተለመዱ ናቸው። ብዙ ጊዜ መነሻቸው ፈሳሹ ውስጥ ያለው ፕሮፒሊን ግላይኮል ስለሆነ፣ እሱ የሌለበት አረፋ ይሻላል። የደረት ሕመም፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ራስን መሳት፣ የእጅና እግር እብጠት ወይም ድንገተኛ የክብደት መጨመር ከታየ ግን ወዲያው አቁሞ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል። ከተቀቡ ሰዎች ቆዳ ጋር ከተነካኩ ሕፃናት መካከል ሰውነታቸው ፀጉር ያወጣ አሉ። ድመት ደግሞ ጥቂቱን ብትልስ እንኳ ልትሞት ትችላለች።

ድንገት ክብ ክብ እየሆነ የረገፈ፣ የሚያም ወይም የሚቆስል ራስ ካጋጠመዎት ጠርሙሱን ያስቀምጡና የቆዳ ሐኪም ያሳዩ፤ አዲስ አበባ ላሉ ዘነበወርቅ የሚገኘው አለርት ሆስፒታል የታወቀ የቆዳ ሕክምና ክፍል አለው።